እኛ የአዴ ፋጡማ ልጆች

ባለፈው ሐሙስ ዝናብ ጣለ። ድሬ ላይ አይደለም፤ ወደ ሐረር በኩል፣ ተራራው ላይ ነው። እኛ ዘንድ ጠብ ሳይል የደረቁ ወንዛችን የደቻቱ አሸዋ ረጠበና ያ ሽታ ቤቴ ድረስ መጣ። የማያውቅ ሰው ደስ የሚል የአፈር ሽታ ነው ይላል። እኔ ግን ሲሸተኝ ብድግ ብዬ መስኮት እዘጋለሁ። በዚህ ዕድሜዬ፣ ጎርፉን በግንብ ገድበውት እንኳ፣ ልጆቹ ሁሉ ቤት መግባታቸውን ካላረጋገጥኩ ቁጭ ማለት አልችልም። ልጆቹ ደግሞ የሉም፤ አግብተው ወጥተው የልጅ ልጅ አሳይተውኛል። የለመደ ልብ ግን ምን ይደረጋል።

መስኮቱን ዘግቼ ሳልጨርስ ዲያቆን ናሆም በሩን አንኳኳ። የደብራችን የልማት ኮሚቴ ጸሐፊ ነው። ጥሩ ልጅ ነው፣ ሽማግሌ ያከብራል፣ ስልኩን ግን ለሰላምታ እንኳ ከእጁ አያወርድም። ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ለወላጅ አልባ ልጆች ሕንፃ እየሠሩ ነው፤ ግድግዳው ቆሟል፣ የቀረው ጣሪያው ነው። በደብሩ ክብረ በዓል ዕለት ጣሪያውን የሚያለብሱት ባለጸጎች ይጋበዛሉ፣ ንግግር ይደረጋል፣ እልልታ ይቀልጣል። «እማማ ፀሐይ፣ እርስዎ ቤተ ክርስቲያን ያሳደገችዎት ምስክራችን ነዎት። ትንሽ ነገር ቢናገሩልን» አለኝ። ደስ አለኝ፣ ምን እዋሻለሁ። የኔን ነገር የሚጠይቅ ሰው ከጠፋ ቆይቷል። ሻይ አፈላሁለት፣ ጠጣ፣ አመሰገነ፣ ተነሣ። በሩ ላይ ሲደርስ ግን እንደመቆም ብሎ ጫማውን ማየት ጀመረ።

«ብቻ እማማ… ያን የሴትየዋን ነገር ቢያልፉት።»

«የቷን ሴትዮ?» አልኩት፣ አሳምሬ እያወቅሁ።

«ያቺን ሙስሊሟን። ክፋት የለውም፣ ግን የሚመጡት እንግዶች… ነገሩ እንዳይከብዳቸው ነው። ቤተ ክርስቲያን አሳደገችኝ ቢሉ ይበቃል።»

ያቺን! ሰማችሁ? «ያቺን» ብሎ። አስቤ እነግርሃለሁ ብዬ ሸኘሁት። ያሰብኩት ግን ምን ልበል ብዬ አይደለም። ይህን ሁሉ ዓመት አፌን ዘግቼ ለምን ተቀመጥኩ ብዬ ነው።

የዛሬ ልጆች ድሬ ሲባሉ ባጃጅና ሙቀት ነው የሚታያቸው። የኛ ድሬ የጋሪ ከተማ ነበረች። ከለገሃር ወጥተህ ጋሪ ትሳፈራለህ፤ ባለጋሪው ፈረሱን በኦሮምኛ እየሰደበ፣ እግረኛውን በሶማልኛ ከመንገድ እያስነሣ፣ አንተን ደግሞ በአማርኛ እየተከራከረ፣ ከዚራን በዛፍ ጥላ ውስጥ አቋርጦ፣ ደቻቱን ተሻግሮ መጋላ ጣል ያደርግሃል። በስሙኒ። ስሙኒም ያኔ ስሙኒ ነበረች፤ ጣፋጩን ሙሸበክ ገዝተህ ሽሮፑ እስከ ክርንህ እየወረደ በልተህ መልስ ይተርፍሃል። ከዚራ የፈረንጅና የሹም ሰፈር ነው፤ ቪላው አበባ ለብሶ፣ ከምሳ በኋላ ሁሉም ተኝቶ ውሻው ሳይቀር የማይጮኽበት። መጋላ ግን የኛ ነው። ከአረቦቹ ሱቅ ሐልዋው በትሪ ተቆልሎ፣ ከሕንዶቹ ሱቅ የጨርቁ ጣቃ ጣሪያ ነክቶ፣ ከአንዱ ሻይ ቤት የአረብ ዘፈን፣ ከፊት ለፊቱ የሶማሌ ዘፈን ይለቀቃል። መሐል መንገድ ላይ የቆመ ሰው ሁለቱ ተደባልቀው ሦስተኛ ዘፈን ሲሆኑ ይሰማል። እኔ እስከ ዛሬ የምወደው ያንን ሦስተኛውን ነው። ወንዱ ሽርጥ አገልድሞ፣ ሴቱ ስስ የድሪያ ቀሚሱን እያንሳፈፈ፣ የምድር ባቡር ሠራተኛው በካኪ ቁምጣና እስከ ጉልበት በተሳበ ካልሲ እየተጎማለለ፤ አሁን ሳስበው ያን ሁሉ ቀለም ማን አጠበው እላለሁ።

አባቴ ከመንዝ መጥቶ ምድር ባቡር የገባ ሐዲድ ጠጋኝ ነበር። መጋላ ውስጥ፣ አንድ ግቢ ውስጥ ካሉት ሁለት ቤቶች አንዱን ተከራየ። የሁለተኛው ቤት እመቤት አዴ ፋጡማ ናት። አዴ ማለት እኛ ሰፈር እናት የምታህልን ሴት በአክብሮት መጥሪያ ነው። ረጅም፣ ጠይም፣ ድምፅዋ ከግቢ አልፎ ቀፊራ ገበያ የሚሰማ ኦሮሞ ነበረች። ቀፊራ ላይ ሳምቡሳ ትሸጣለች። ባሏ ዩሱፍ የጭነት መኪና ሾፌር ስለሆነ ከወር ወር ቤቱ አይገኝም። እናቴና እሷ አንድ ቧንቧ፣ አንድ የልብስ ማስጫ ገመድ፣ አንድ ሐሜት ነበራቸው። ልዩነታቸው ሥጋ ላይ ብቻ ነው። ያ ዛሬም እንዳለ ነው፤ ክርስቲያን ያረደውን እስላሙ፣ እስላም ያረደውን ክርስቲያኑ አይበላም። ስለዚህ ድስቱ ሁለት ነው፣ ሌላው ሁሉ አንድ ነው።

በአንድ ክረምት ሁለቱም ወለዱ። የሷ አብዲ፣ የኛ ሙሉጌታ። አንዷ ገበያ ስትሄድ ሌላዋ ሁለቱንም ግራና ቀኝ ይዛ ታጠባ ነበር። ማን የማንን እንደጠባ የሚከታተል የለም። ሕፃን አለቀሰ፣ ጡት ያለው አነሣው፣ አለቀ።

አባቴን ሙሉጌታ ገና በሆድ ሳለ ወባ በልቶት ነበር፤ ወደ ጅቡቲ በሚወስደው መስመር፣ በረሃ መሐል ለሥራ ወርዶ በዚያው ቀረ። እናቴ ከዚራ አንድ ፈረንጅ ቤት ልብስ አጣቢ ሆነች። ከሥራ ስትመለስ ደቻቱን በእግሯ ታቋርጣለች። ደቻቱ ከዓመት ዓመት ደረቅ አሸዋ ነው፤ ሰው ይነግድበታል፣ ልጅ ኳስ ይጫወትበታል፣ ግመል ይተኛበታል። የዚያን ቀን ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር። ዝናቡ የጣለው ላይ ተራራው ላይ ነው። ጎርፉ ሲመጣ የሰሙት ሮጡ፤ እናቴ የታጠበ ልብስ ተሸክማ መሐል ላይ ነበረች። ከታች ከአሸዋው አንሥተው አመጧት። እኔ ስምንት ዓመቴ አካባቢ ነኝ፣ እኅቴ አልማዝ ከኔ ታንሳለች፣ ሙሉጌታ ገና ዳዴ ይላል። አዴ ፋጡማ ሦስታችንንም ወደ ቤቷ ስትወስደን ማንንም አላስፈቀደችም። ዩሱፍ ከጉዞ ሲመለስ አምስት ሰው ያላት ቤት አግኝቶ በሩ ላይ ቆመ፤ አየን፣ አያት፣ «ልጅ ሪዝቁን ይዞ ይመጣል» ብሎ ጫማውን አወለቀና ገባ። ልጅ በዕድሉ ያድጋል የምንለውን እነሱ እንደዚያ ይላሉ።

የእናቴ የአርባ ተዝካር ከወጣ በኋላ ነው ነገር የተነሣው። የደብራችን ትልቅ ሰው ባላምባራስ ደስታ ነበሩ። ከዚራ ቤት፣ ከከተማው ወጣ ብሎ የብርቱካን እርሻ፣ ከአለቃው ቀጥሎ የመጀመሪያው መቀመጫ ያላቸው። ለቤተ ክርስቲያኑ ጣሪያ ቆርቆሮ ከጅቡቲ ሊያስመጡ ቃል ገብተው ነበርና ያን ሰሞን ማንም ፊታቸውን ሊያጠቁር አይፈልግም። ከቅዳሴ በኋላ ደጀ ሰላሙ ጥላ ሥር ሽማግሌዎቹ ሲሰበሰቡ እኔንና አልማዝን ከፊት አቆሙን። ባላምባራስ ያሰቡትን ተናገሩ። የክርስቲያን ልጅ በእስላም ቤት ማደሩ ነውር ነው፤ ስለዚህ እኔ ለሳቸው ቤት፣ አልማዝ አሰበ ተፈሪ ላለች እኅታቸው፣ ሙሉጌታ ደግሞ አዲስ አበባ ላለ የሕፃናት ማሳደጊያ። ሽማግሌዎቹ ጥምጥማቸውን እየነቀነቁ ልክ ነው አሉ። እኔ የአልማዝን ቀሚስ ጠርንፌ ያዝኩ። አሰበ ተፈሪ የት እንደሆነ አላውቅም፤ ባቡር ወስዶት የማይመልሰው ቦታ መሆኑ ግን ገብቶኛል።

የደብሩ አለቃ፣ አለቃ ወልደ ትንሣኤ፣ እስከዚያ ድረስ አልተናገሩም። የጎጃም ሰው ናቸው፤ አጭር፣ ቀጭን፣ ቅኔ የጠጡ፣ ነገር ሲገባቸው ዓይናቸውን የሚጨፍኑ። ዓይናቸውን ጨፍነው «ባላምባራስ፣ ትልቋ እርስዎ ቤት ምን ልትሆን ነው?» አሉ።

«ለቤት ትሆናለች» አሉ ባላምባራስ።

«ለቤት ትሆናለች ወይስ ልጅ ትሆናለች?»

ባላምባራስ መልስ ከመስጠታቸው በፊት ከበሩ በኩል ጫጫታ ተነሣ። አዴ ፋጡማ ናት። ሙሉጌታን ከፊት፣ አብዲን ከኋላ አዝላ፣ ሻሿ ወደ ኋላ ተንሸራቶ፣ የሳምቡሳ ዘይት ከእጇ ሳይታጠብ መጥታለች። በረኛው እንዳትገባ ሲከለክላት «አልገባም አቦ! እዚህ ሆኜ ነው የምናገር፣ ድምፅ አለኝ» ትለዋለች። እውነቷን ነው፣ ድምፅ አላት።

«አባ!» ብላ አለቃውን ጠራች። «አንተ ነህ ትልቁ? ልጆቼን ልትበትን ነው አሉኝ!»

አንተ ስትል ሽማግሌዎቹ ተንጫጩ። እኛ አገር ግን ለሼህም ለዳኛም አንተ ነው፤ ንቀት አይደለም፣ የድሬ አማርኛ እርስዎን አያውቃትም። አለቃው ዓይናቸውን ገለጡ፤ ፈገግ ያሉም መሰለኝ።

«እኔ ነኝ፣ እናቴ። ልጆችሽ ናቸው ወይ?»

«ናቸዋ!»

«እንዴት ሆኑ?»

«ይኼ» አለች ሙሉጌታን ከፍ አድርጋ፣ «ጡቴን ጠብቷል። በኛ ሸሪዓ ጡቴን የጠባ ልጄ ነው። ነገ ሴት ልጅ ብወልድ እንኳ አያገባትም፣ ሐራም ነው፤ ወንድሟ ነዋ! የነሱም እናት አላህ ይዘንላት አብዲን አጥብታለች። ታዲያ ወንድማቸው እኔ ቤት ሆኖ እነሱን የት ልትወስድ? ወላሂ አባ፣ ልጅ እንደ ድንች አይከፋፈልም!»

ባላምባራስ «አለቃ፣ ይህቺን ሴትዮ ሊሰሟት ነው?» አሉ።

አለቃው መቋሚያቸውን ይዘው ተነሡ። «ባላምባራስ፣ እርስዎም እኔም ከአንድ አገር ነን። በአባቶቻችን አገር የጡት ልጅ ሲደረግ ምን ይደረጋል? ሰውየው አውራ ጣቱን ማር ነክሮ ለልጁ ያጠባዋል። አበቃ፣ ልጅ ሆነ፤ ርስት ይካፈላል፣ ደም ይመልሳል። ሽማግሌ ይፈርዳል፣ ካህን ይመሰክራል። ማር የነካ ጣት ልጅ ካደረገ፣ እውነተኛውን ወተት የሰጠችው እንዴት እናት አትሆንም? ልጆቿ ናቸው። ከሷ ጋር ይሂዱ።»

«ነፍሳቸውስ?»

«ነፍሳቸው የኔ ሥራ ነው። ለዚያ ነው የተቀመጥኩት።»

ባላምባራስ ጋቢያቸውን አነሡ። «እንግዲህ እንዲህ ከሆነ ቆርቆሮውን ከሷ ይጠብቁ» አሉ።

«ጣሪያው ያፍስስ!» አሉ አለቃው። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ለኛ ለልጆቹ ብቻ እንደሚነግሩ ሁሉ፣ «ድሬ ደግሞ መች ይዘንብና» አሉ።

ወደ ቤት ስንመለስ አዴ ፋጡማ መንገድ ሙሉ አለቀሰች። እዚያ ደጃፍ ላይ ሆና አንዲት ጠብታ ያልወጣት ሴት ደቻቱን ስንሻገር አሸዋው ላይ ተቀምጣ ሻሿን ነከሰች። እኔም ያን ጊዜ ነው እናቴ ከሞተች ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ያለቀስኩት።

አሁን ዲያቆን ናሆም ቤተ ክርስቲያን አሳደገችኝ በዪ ሲለኝ ውሸት በዪ ማለቱ አይደለም። አሳድጋኛለች። እንዴት እንዳሳደገችኝ ግን ልንገረው። አለቃው ፈርደው አልተኙም። በሳምንቱ ካህናቱን ሰብስበው፣ እያንዳንዱ የንስሐ አባት የያዘውን ቤት እንዲጠይቅ አዘዙ፤ እናት አባት የሞተበት ልጅ የት አለ? ማን ዘንድ ያድራል? ይበላል ወይስ ያበላል? ብዙ ልጅ ወጣ፤ ከየዘመዱ ቤት እንጨት ሲፈልጥ፣ ውሃ ሲቀዳ፣ ከውሻ ጋር ሲያድር። እነዚያን ወደ ጥሩ ሰው አዛወሩ፤ ከዚያም የሰንበቴ ሴቶችን በየቤቱ ተረኛ ጠያቂ አደረጓቸው። ወደኛም በየሰንበቱ ተረኛዋ ከሰንበቴው ድርሻችንን ይዛ ትመጣለች፤ ሰጥታ አትሄድም፣ ቁጭ ብላ ከአዴ ፋጡማ ጋር ሻይ ጠጥታ፣ ፊታችንን አይታ፣ ጥፍራችንን አይታ ነው የምትሄደው። የሥጋውን ነገር እንዲህ ፈቱት። ለፋሲካና ለገና የደብሩ ገበዝ መጥቶ ግቢያችን ውስጥ በግ ያርዳል፤ የእናቴ ድስት ከተሰቀለችበት ትወርዳለች፣ ከሰንበቴ ሴቶች አንዷ ትሠራልናለች። አዴ ፋጡማ ድስቷን እንኳ አትነካትም፤ ከሩቅ ቆማ «ጨው አነሰው፣ እዩት ቀለሙን» እያለች ታዛለች። ለአረፋ ደግሞ የሷ ድስት ይጣዳል፤ እኛ ከሩቅ ቆመን ሽታውን እንጠጣለን። አንድ ቀን አልማዝ አንዲት ቁራጭ ሰርቃ ልትበላ ስትል አዴ ፋጡማ ከአፏ አስተፋቻት። «ለአባ ቃል ሰጥቻለሁ! ቃሌን ልታስበይኝ ነው?» ብላ ጆሮዋን አጣመመቻት።

በጾም ነገር ከራሷ ከእናቴም ብሳ ነበር። እናቴ ነፍሷን ይማረውና ረቡዕ ጠዋት የሙሉጌታን ወተት አፍልታ ትርፉን ለኛ ታንቆረቁርልን ነበር። አዴ ፋጡማ ዘንድ ይህ የለም። ረቡዕና ዓርብ ሳምቡሳው ምስር ነው፣ አበቃ። የሰፈሩ ክርስቲያኖች ይህን ሰምተው የጾም ሳምቡሳ ከሷ መግዛት ጀመሩ፤ «የፋጡማ ጾም አይፈታም» ይሉ ነበር። ማተባችን ሲበጠስ ከሕንዶቹ ሱቅ ክር ገዝታ፣ ሦስት አድርጋ ፈትላ፣ አለቃው ዘንድ ወስዳ «ባርክልኝ» ትላለች። በረመዳን እሷ ስትጾም እኛ ከፊቷ አንበላም ብለን ጓሮ ስንደበቅ፣ ፈልጋ አምጥታ ከፊቷ ታስቀምጠናለች፤ «ብሉ አቦ፣ የናንተ መብላት የኔን ጾም አይቆርሰውም!»

አለቃውም ራሳቸው በየወሩ ይመጡ ነበር። ነጭ ጃንጥላቸውን ዘርግተው፣ ከሰዓት በኋላ፣ መጋላ ጫቱን ይዞ ጋደም ባለበት ሰዓት፣ በመሐሉ ሲያልፉ ነጋዴው ሁሉ «አባ! አባ!» ይላል። ግቢያችን ገብተው በርጩማ ላይ ይቀመጡና ዳዊት ያስደግሙኛል። አብዲም አብሮኝ ተቀምጦ ይሰማል፤ ከኔ ቀድሞ ይይዘው ነበር፣ ዛሬም መዝሙር አንዱን ሳይሳሳት ይወጣዋል። እኔም የሱን ፋቲሐ አውቃለሁ። ማን ምን ጎደለበት?

ስለ ወይዘሮ አስካለ ካልነገርኩ ደግሞ ይህ ትዝታ አይሞላም። የባላምባራስ ሚስት ናቸው። የንስሐ አባታቸው አለቃው ነበሩ፤ ምን እንደተናዘዙ እግዚአብሔር ይወቅ። አለቃው ግን ስግደት አላዘዟቸውም። ቅዳሜ ቅዳሜ መጋላ ሄደው የኛን ራስ እንዲያበጥሩ ቀኖና ሰጧቸው። አስቡት፣ በጋሪ እንጂ በእግራቸው የማይሄዱት የከዚራ እመቤት፣ የወርቅ አምባራቸውን በመሐረብ ሸፍነው፣ ማበጠሪያና ላምባ ይዘው ግቢያችን ሲገቡ! የመጀመሪያዎቹ ቅዳሜዎች ፊታቸውን አዙረው ነበር የሚያበጥሩን። አዴ ፋጡማም አልማረቻቸውም፣ «እዚህ ጋ ቅማል ቀርቷል አይደል እንዴ፣ ጆሮዋ ኋላ!» እያለች ታሳያቸዋለች። ቀኖናው ካለቀ በኋላም መምጣታቸውን አልተዉም። ልጅ አልነበራቸውም፤ አልማዝን በመጨረሻ እሳቸው ናቸው የዳሯት፣ በአዴ ፋጡማ ግቢ፣ በራሳቸው ወጪ። ባላምባራስ ግን ሠርጉ ላይ አልመጡም፤ ሰው ሁሉ አይመለስም።

ነገሩ ሁሉ እንደ ማር የጣፈጠም እንዳይመስላችሁ። ትምህርት ቤት «የእስላም ቤት ልጆች» እያሉ ደብተራችንን ይጥሉብናል። የአዴ ፋጡማ ዘመዶችም ከቢዮ አዋሌ መጥተው የሰው ልጅ ለሰው ሃይማኖት ምን ልታሳድጊ ብለው ዓመት ያህል አኩርፈዋታል። ጣሪያውም እውነትም አፈሰሰ። ድሬ አይዘንብም ያሉት አለቃ የዘነበ ዕለት ቅዳሴ መሐል ውሃው ጥምጥማቸው ላይ ይንጠባጠባል፤ ዲያቆናቱ ሳፋ እየያዙ ይራወጣሉ። ሰዎቹ ወደኛ ዞረው ያዩናል። የዚያ ሁሉ ጠብታ ጥፋተኛ እኛ ነና! እኔ ልጅነት ነውና አንገቴን እደፋ ነበር። አለቃው አንድ ሰንበት አይተውኝ፣ ከቅዳሴ በኋላ አገጬን ከፍ አደረጉና «ቀና በዪ። ውሃ ነው፣ ይደርቃል» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ አንገቴን ደፍቼ አላውቅም፤ ባሌም በዚህ ተናዶ ነው የሞተው።

ሕንፃ አልጠላም። ሜዳ ላይ ከሚያድር ልጅ ሕንፃ ውስጥ የሚያድር ይሻላል። ግን አንድ ነገር ደፍሬ እላለሁ፤ የቤተ ክርስቲያን ሹም ለሙት ልጅ አባት የሚሆነው ግንብ ስላቆመ አይደለም። አለቃው ግንብ አልነበራቸውም፣ ጣሪያ እንኳ አልነበራቸውም። ሥልጣናቸውን ግን በሰው ቤት በር ላይ አቆሙት፤ ትልቁን ሰው አስቀይመው፣ ትንሿን ሴትዮ እናት አሉ። ያ ነው ያሳደገኝ። ዛሬ የሚቆርጡት ሪባን አላሳደገኝም።

አዴ ፋጡማ የሞተችው ንጉሡ ገና ዙፋናቸው ላይ ሳሉ፣ ሙሉጌታና አብዲ ጎረምሳ ሆነው ሁለቱም ምድር ባቡር ጥገና በገቡበት ዘመን ነው። ዩሱፍ ቀድሟት ሞቷል። በነሱ ሕግ ሴት ወደ መቃብር አትሄድም፤ እኔ ግን ሄድኩ። ከመቃብሩ አጥር ውጭ፣ ኒም ዛፍ ሥር ቆምኩ። ከጎኔ አለቃ ወልደ ትንሣኤ ነበሩ፤ አርጅተው፣ ጆሯቸው ደክሞ፣ ያቺን ነጭ ጃንጥላ እኔ ይዤላቸው። ሶላቱ አለቀና ወደ ጉድጓዱ ቀረቡ። ሴት ስትሆን ወደ ጉድጓድ የሚያወርዳት የቅርብ ሥጋዋ የሆነ ወንድ ነው። አብዲ ወረደ። አንድ ሰው አይበቃም። አብዲ ከጉድጓዱ ውስጥ ሆኖ ቀና ብሎ «ሙሉጌታ!» ብሎ ተጣራ።

ሙሉጌታ ከሰዉ ኋላ ቆሞ ነበር፤ አንገቱ ላይ ማተቡ፣ ያቺው እሷ የፈተለችለት። ሰዉ አጉረመረመ። አንዱ «ክርስቲያን እኮ ነው» ሲል እስከ አጥሩ ድረስ ሰማሁት። ልቤ ያን የደጀ ሰላሙን ቀን ሆነ፤ እንደገና ሊለያዩን ነው አልኩ። ሼህ ሙሳ የሚባሉ ሽማግሌ ነበሩ የሚያሰግዱት። እጃቸውን ወደ ሰዉ አነሡ።

«ጡቷን ጠብቷል?» አሉ።

«ጠብቷል» አለ አብዲ ከታች። «እኔ የሱን እናት፣ እሱ የኔን።»

«እንግዲያ ልጇ ነው። ይውረድ።»

ሰዉ መንገድ ከፈተለት። ወንድሜ ጫማውን አውልቆ ወረደ። ሁለቱ ወንድሞቼ እናታችንን ተቀብለው አስተኟት።

«ምን አሉ?» አሉኝ አለቃው፤ አልሰሙም ነበር። «ልጇ ነው፣ ይውረድ አሉ» ብዬ ጆሯቸው ላይ ጮኽኩ። አለቃው ዓይናቸውን ጨፈኑ። «የተማሩ ሰው ናቸው» አሉ። እንባቸው በጺማቸው ላይ ይወርድ ነበር፤ እኔ ጃንጥላውን ይዤ አልጠረግሁላቸውም።

አለቃው ሞተዋል። ሙሉጌታም አልማዝም ሞተዋል፣ ነፍሳቸውን ይማር። የቀረነው እኔና አብዲ ነን። ወገቡን አሞት በዱላ ነው የሚሄደው፤ ቅዳሜ ቅዳሜ በባጃጅ ይመጣና የጾም ከሆነ የምስር፣ የፍስክ ከሆነ ድንች ሳምቡሳ ይዞልኝ ይመጣል። ሥጋ ያለበት አምጥቶልኝ አያውቅም። እናቱ ቃል ሰጥታለቻ!

ትናንት ዲያቆን ናሆም ተመልሶ መጣ። ደቻቱ በኩል እንደገና ያ ሽታ ይሸት ነበር፤ ይህን ጊዜ ግን መስኮቱን አልዘጋሁትም።

«ወሰኑ፣ እማማ?» አለኝ።

«ወስኛለሁ። እናገራለሁ፤ ከወተቱ ጀምሬ ነው የምናገረው። ስሟንም እጠራለሁ። ወንድሜ አብዲም ከፊት፣ ከኔ ጎን ይቀመጣል።»

ፊቱ ጠቆረ። ስልኩን ለመጀመሪያ ጊዜ ኪሱ ከተተ። «እማማ፣ እኔ ለራሴ አይደለም። ሰዎቹ ቢያኮርፉብን ሕንፃው እንዳለ ይቀራል እኮ። ጣሪያው ገና ነው።»

ልጁ አሳዘነኝ። ክፉ አይደለም፤ ማንም አልነገረውም እንጂ። እጁን ይዤ ከጎኔ አስቀመጥኩት።

«ጣሪያው ያፍስስ፣ ልጄ» አልኩት። «ድሬ ደግሞ መች ይዘንብና።»